የሒሳብ ዲግሪ ምን ይጠይቃል?

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ላይ፣ 12ኛ ክፍል ላጠናቀቁና ዩኒቨርሲቲ ለገቡ አዲስ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው እንዳለ ተገልብጧል፤ ያስተካከልኩት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ይሰማል? ጥሩ። መቀመጫ ያጣችሁ፣ ከፊት ባዶ አለ፤ ኑ፣ አትፍሩ። የሒሳብ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የፊቱ ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ ሐይቅ ዳር እንደዚያ ያለ ነፋሻ አየር ትታችሁ ስለ ሒሳብ ልትሰሙ በመምጣታችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከተማሪዎቹ መካከል ሒሳብን አንደኛ ምርጫዬ ብሎ የሞላ ወይም ሊሞላ ያሰበ እጁን ያውጣ። አንድ... ሁለት... ሦስት። አንተ ግማሽ እጅ ነው ያወጣኸው፤ ሦስት ተኩል እንበል።

አይዟችሁ፣ እኔም አላወጣሁም ነበር። እኔ የሞላሁት ፋርማሲ ነው። ቀጥሎ ነርሲንግ። ሒሳብን የጻፍኩት ከታች፣ መስመሩ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ነው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ፋርማሲ ላይ ስሜን ፈለግሁ፤ የለም። ነርሲንግ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ሒሳብ ላይ ቁጭ ብሏል! ለእናቴ ደወልኩላት። እናቴ እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ ስትነግድ ነው ያሳደገችን። ትንሽ ዝም አለችና «ሒሳብማ እኔም እችላለሁ፤ ለዚህ ነው ያን ያህል መንገድ የላክሁሽ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄዋን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ወረቀቱ ምን ይጠይቃል? ሬጅስትራር ማለቴ ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ራሱ ምን ይጠይቃል? ሦስተኛ፣ ቤተሰብ የሚጠይቀው «ከዚያስ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ። መግቢያውን ታውቁታላችሁ፤ በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ይገባል፤ ያ ያልሞላለት ደግሞ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት መንገድ አለው። በሪሚዲያል ገብተው የክፍላቸው አንደኛ የሆኑ ልጆች አስተምሬአለሁና ማንም አንገቱን እንዳይደፋ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው። ከዚያ በፊት ዲግሪው ሦስት ዓመት ነበር፤ አሁን አራት ነው። በዚያ ዓመት ገና የሒሳብ ተማሪ አይደላችሁም። እንግሊዝኛ ትማራላችሁ፣ ሳይኮሎጂ ትማራላችሁ፣ ጂኦግራፊ፣ ስፖርት፣ ሎጂክ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠውን ሒሳብም ትማራላችሁ። ታዲያ ተማሪው ምን ይላል? «ይሄ ኮመን ኮርስ ነው፣ ቀላል ነው!» አይደለም! አይደለም! ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ በዚያ ዓመት ውጤትና በምርጫችሁ ነው። ሎጂኩ ደግሞ፣ እኔን ስሙኝ፣ ሒሳብ ለሚገባ ሰው ከሁሉም የሚበልጥ ኮርስ ነው። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ማለትና «ያ ከሆነ ይህ ይሆናል» ማለት አንድ አለመሆኑን እዚያ ካልተማራችሁ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ አልቅሳችሁ ትማሩታላችሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ዋናው ይጀምራል። ካልኩለስ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ሊኒየር አልጀብራ፣ ነምበር ቲዎሪ፣ ጂኦሜትሪ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ኑሜሪካል አናሊሲስ፣ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያስተዋውቃችሁ ፕሮግራሚንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ካልኩለስ፣ ሞደርን አልጀብራ፣ ኮምፕሌክስ... መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት ጽፎ ማቅረብ። ቅደም ተከተሉ ከግቢ ግቢ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ የተመደባችሁ ቀን ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሄዳችሁ ካሪኩለሙን ተቀበሉ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ለምን ይህን እንደምል ታውቃላችሁ? አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ነበረች፤ ከእኔ በጣም የምትሻል፣ ቀለሜ የምትባል ዓይነት። ሁለተኛ ዓመት ላይ አመማትና አንድ ኮርስ ድሮፕ አደረገች። «በሚቀጥለው ሴሚስተር እወስደዋለሁ» አለች። ኮርሱ ግን የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሲሰጥ ከሌላ ኮርስ ጋር ሰዓቱ ተጋጨባት። ከዚያ ተረሳ። እሷ ረሳችው፣ አማካሪውም ረሳው፣ ሁሉም ረሳው። ምርቃት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጋዋን ተለክቶ፣ አባቷ በግ ገዝተው፣ ስሟ ከዝርዝሩ ላይ የለም። አንድ ኮርስ! ሦስት ክሬዲት! አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቃ ነው የተመረቀችው። በጉ እንኳ ለፋሲካ ሆነ።

ስለዚህ የወሰዳችሁትን በራሳችሁ እጅ እየሰረዛችሁ ተከታተሉ። ማንም አይከታተልላችሁም።

ወደ ግሬድ ልምጣ። ለመመረቅ የተጠቃለለው አማካይ ውጤት ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዋናው ትምህርት አማካይም ለብቻው ተሰልቶ 2.00 ይጠየቃል። ኤፍ ይዞ መመረቅ የለም። 2.00 ሲባል ትንሽ ይመስላል አይደል? እስቲ እንሥራው። ክሬዲት የኮርሱ ክብደት ነው፤ ኤ 4 ነጥብ፣ ዲ 1 ነጥብ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ አመጣችሁ፤ 3 ጊዜ 4፣ 12። ባለ 4 ክሬዲት ካልኩለስ ላይ ዲ አመጣችሁ፤ 4 ጊዜ 1፣ 4። ድምሩ 16፣ ለ7 ሲካፈል 2.29 አካባቢ። አያችሁ? ያ የሚያምር ኤ ምን ሆነ? ክሬዲቱ የከበደው ኮርስ ጎትቶ አወረደው። የሒሳብ ተማሪ ክሬዲቱ የሚከብድበት የሒሳብ ኮርሱ ላይ ነው፤ በሌላ ኮርስ ኤ እየሰበሰቡ ማምለጥ እዚህ ቤት አይሠራም።

በመጨረሻ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያልተሳካለት ደግሞ እንደገና ይቀመጣል። ሁለተኛ ዓመት የተማራችሁት አራተኛ ዓመት ላይ ተመልሶ ይጠየቃል ማለት ነው። ደብተር አታቃጥሉ! ፋይናል ሲያልቅ ደብተር የሚያቃጥል ተማሪ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ክሊራንስ፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የዶርም ቁልፍ መመለስ። እሱን ትደርሱበታላችሁ።

ወረቀቱ ይኸው ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ።

እኔ አንደኛ ዓመት ጎበዝ ነበርኩ። ዴሪቬቲቭ አውጪ ስባል አወጣለሁ፤ ኢንቲግራል ስባል እንደ ሽሮ ነው የማንተከትከው። ከዚያ የመጀመሪያውን የማረጋገጫ ኮርስ ሚድ ተፈተንኩ፤ ማረጋገጫ ማለት አንድ ነገር ለምን እውነት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ በምክንያት ማሳየት ነው። ከ30፣ 11። ወረቀቴን ሳየው መልሶቹ ላይ የኤክስ ምልክት የለም። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ በየመስመሩ ጎን አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፤ «ለምን?» ቀጣዩ መስመር፣ «ለምን?» ቀጣዩ፣ «ለምን?» መጨረሻ ላይ እኔ «ግልጽ ነው» ብዬ የጻፍኩት ቦታ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ለማን?»

ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ! መልሱ ትክክል ነው እኮ! ቢሮው ድረስ ሄጄ ተከራከርኩ። «መልሱ ትክክል መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ አንቺ በምን አወቅሽ?» አለኝ።

በምን አወቅሽ? ይህ ነው ጥያቄው። የሒሳብ ዲግሪ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እስከ 12ኛ ክፍል፣ አንደኛ ዓመትንም ጨምሩ፣ የምትጠየቁት «ስንት ነው?» ተብላችሁ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ «ለምን?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ይህ መዞሪያ መኖሩን ማንም ስለማይነግራችሁ፣ ጎበዝ የነበረው ልጅ ድንገት ሰነፍ የሆነ ይመስለዋል። ሰነፍ አልሆነም። ጨዋታው ተቀይሮበት ነው።

እስቲ እንሞክረው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ወር የተወለዱ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አሉ? አሉ። ማንንም ሳልጠይቅ በምን አወቅሁ? ... ጎበዝ! ከወራቱ ቁጥር ሰዉ ስለሚበዛ። ስንት ሰው ቢኖር ነው እርግጠኛ የምሆነው? «13» አላችሁ። የፈረንጅ መጽሐፍም 13 ይላል። በእኛ ግን ጳጉሜን አለች! 13 ሰው 13 ወር ላይ አንድ አንድ ሊደርሰው ይችላል። እኛ 14 ሰው ያስፈልገናል። አያችሁ፣ መልሱን የሸመደደ ሰው ኢትዮጵያ ሲደርስ ይሳሳታል፤ ምክንያቱን የያዘ ግን የትም አገር ይሠራል።

ቀን መቁጠሪያን ካነሳን፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በየዓመቱ በቁርጥ ቀን እንደማይውል ታውቃላችሁ፤ አያንቶዎቹ፣ የሰማይ አዋቂ ሽማግሌዎቹ፣ ሰማዩን አንብበው ነው ቀኑን የሚናገሩት። እኔ ያደግሁት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ የፋሲካን ቀን በጣታቸው ነበር የሚያወጡት። ባሕረ ሐሳብ ይባላል። የዘዴውን መጀመሪያ ዘንድሮን ይዘን እንየው። 5500ን ከ2018 ጋር ደምሩ፤ 7518። ለ19 አካፍሉ፤ 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ቀንሱ፤ 12። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 132። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፉ፤ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዙ፤ 228። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፉ፤ 18 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 12ና 18፣ 30።

አምናን ሞክሩ። ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29። 30! ካቻምና፣ 20ና 10። 30! ሕጉም ከ30 አይበልጡም፣ ከ30 አያንሱም ነው የሚለው። ልጅ ሆኜ «የኔታ፣ ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው «11ና 19 ስንት ነው?» አሉኝ። 30 አልኳቸው። «በቃ!» አሉኝ። እኔም በቃኝ፤ ሄድኩ።

ዓመታት አለፉ። ነምበር ቲዎሪ ክፍል ቁጭ ብዬ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስለ ቀሪ እያስረዳ፣ በድንገት የኔታ ትዝ አሉኝ። ወንበርን በ11 ማባዛትና በ19 ማባዛት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ወንበርን በ30 ማባዛት ነው! ስለዚህ ቀሪዎቹ ሲደመሩ የ30 ብዜት መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ቀሪ ደግሞ ከ30 ያንሳል፤ ድምራቸው 60 አይደርስም። ስለዚህ ወይ 0 ነው፣ ወይ 30። የኔታ በአንድ ጥያቄ ግማሹን ነግረውኝ ነበር!

ግማሹን ግን። ቀዩ እስክሪብቶ እዚህ ላይ ይመጣል፤ «0 ለምን አይሆንም?» ድምሩ 0 እንዲሆን 11 ጊዜ ወንበር ለ30 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 11ና 30 ደግሞ ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ወንበሩ ራሱ ለ30 መካፈል አለበት። ወንበር ግን ከ18 አይበልጥም። እንግዲህ የሚቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ወንበሩ 0 ሲሆን። ያ ዓመት ይመጣል፤ 2006 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ታዲያ ሊቃውንቱ ያን ዓመት ምን አደረጉት? አልቦ አበቅቴ አሉና መጥቅዑን 30 አደረጉት። ሕጉ የሚሰበርበትን አንዲት ቦታ ለይተው ያውቋት ነበር!

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አብሮኝ የተቀመጠው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ «አበቅቴ» አልኩት። ያበድኩ መሰለው።

11 ከየት መጣ ለምትሉ፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፣ የጨረቃ 354፤ ልዩነቱ 11 ነው። በዚሁ ልለፈው፤ እሱ ራሱን የቻለ ንግግር ነው።

አሁን ሽምደዳን ላንሳ። የወንዶቹ ዶርም ውስጥ ማረጋገጫ እንደ ዳዊት የሚደግም ልጅ ነበር አሉ፤ ወንዶቹ ናቸው የነገሩን። ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር ይወጣዋል። ፈተናው ላይ መምህሩ ኤን የነበረውን ሁለት ኤን አደረገበት። አለቀ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ግን ያሳምማል፤ ማረጋገጫውን አንብቡ፣ መጽሐፉን ክደኑ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። የተደናቀፋችሁበት መስመር ያልገባችሁ መስመር ነው። ከዚያ ለጓደኛችሁ አስረዱት፤ ጓደኛችሁም ቀይ እስክሪብቶ ይያዝ። ለአንዲት ጥያቄ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ሰነፎች አይደላችሁም። እኔ አሁንም እቀመጣለሁ።

ኤፕሲሎንና ዴልታ የሚባል ነገር ይመጣባችኋል። ሊሚት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በትክክል የሚናገረው ፍቺ ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ላይገባችሁ ይችላል። ኒውተንና ላይብኒዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካልኩለስን ሲሠሩ ይህን ፍቺ አልያዙትም ነበር። ኮሺ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደዚያ አቀረበው፤ ዛሬ በምንማርበት መልክ ያስቀመጠው ከእሱ በኋላ የመጣው ቫየርሽትራስ ነው። የሰው ልጅ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል! እናንተ በአራት ወር ባይገባችሁ ታፍራላችሁ?

ሴቶች፣ እናንተን ለብቻ አንድ ነገር ልበል። በእኔ ክፍል አራት ነበርን። «ሒሳብ ለሴት ይከብዳል» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ አትከራከሩት፤ «በምን አወቅህ?» በሉት። ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊልድስ ሜዳልያን ስትወስድ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ከሒሳብ ሽልማቶች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሦስተኛው፣ ወላጆች የምትጠብቁት፤ «ከዚያስ?» ዋሽቼ አልሸኛችሁም። «የሒሳብ መሐንዲስ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አታዩም። መምህርነት አለ፤ ለእሱ ከዲግሪው ጋር የማስተማር ሥልጠና ይጠየቃል። ባንክና ኢንሹራንስ አለ፣ የስታቲስቲክስ ሥራ አለ፣ ፕሮግራሚንግ ላይ የበረታ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። ውጤቱ የሚያምር ደግሞ ለማስተርስ ይወዳደር፤ አይምስ የሚባል የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም አለ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ የተጀመረ፣ ዛሬ በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋል፣ በካሜሩንም ያለ፤ ሙሉ ወጪ ሸፍኖ ያስተምራል። ሥራው ግን ከዲግሪው ጋር ተጠቅልሎ አይሰጥም። ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ አንድ ተጨማሪ ሙያ ያዙ፤ እኔ ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

እናቴስ? ስመረቅ መጣች። ማታ ቤት ቁጭ ብለን «እሺ፣ አራት ዓመት... ሦስት ዓመት ነው የእናንተ፣ ምን ተማርሽ?» አለችኝ። የወራቱን ነገር በዓሣ አድርጌ ነገርኳት፤ 14 ዓሣ 13 ሳህን ላይ ቢደረግ አንዱ ሳህን ቢያንስ ሁለት ይይዛል አልኳት። «ይሄማ ግልጽ ነው!» አለች። «ለማን?» አልኳት። እስከ ዛሬ ደንበኞቿን በእሱ ትቀልድባቸዋለች።

ሻይ ደርሷል ይሉኛል። እስኪቀዳ አንድ ነገር እዚህ ሰሌዳ ላይ ልጻፍላችሁ። 11ና 19ን ትተን 10ና 20ን እንውሰድ። እነሱም ሲደመሩ 30 ናቸው። ወንበሩን በ10 እናባዛ፣ በ20 እናባዛ፣ ሠላሳ ሠላሳውን እንግደፍ። ቀሪዎቹ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ ወይስ አንድ ቦታ ይሰበራል? ወረቀት ያላችሁ ሞክሩት...

ከኋላ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው፤ እጅሽን አውጥተሻል። «ወንበሩ 3 ሲሆን ይሰበራል» አልሽ? ጎሽ! 11ስ ለምን አይሰበርም፣ 10 ለምን ተሰበረ? ነይ ወደዚህ፤ ማርከሩ ይኸው።